«ብጠጣ የት እሄዳለሁ?»፦ የአንዲት በርበሬ ነጋዴ የጉዳይ ጥናት

በምዕራብ ጎጃም፣ በአንዲት የወረዳ ከተማ ጤና ጣቢያ በነርስነት እሠራለሁ። ከዚህ በታች ያለው እኛ ዘንድ የታከመች የአንዲት ሴት ጉዳይ ነው። እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች፤ «ለሌላውም ይድረሰው» ብላ። ስሟንና ከተማዋን ግን አልጠራም፤ የገበያ ሰው ስለሆነች በትንሽ ምልክት ትታወቃለች።

ዕድሜዋ ከአርባ ጥቂት ያለፈ ነው። የአራት ልጆች እናት ናት፤ ዛላ በርበሬ ትነግዳለች። በርበሬውን ከቡሬ በኩል ታስመጣና ጉልቷ ላይ ማዳበሪያ ዘርግታ፣ ሚዛኗን ከፊቷ አድርጋ ቀኑን ሙሉ ትሸጣለች። እኛ ጋ የመጣችው መጋቢት ውስጥ፣ በሁዳዴ ነው። ሽንቷን ያቃጥላታል፤ ቶሎ ቶሎ ያጣድፋታል፤ ስትቀመጥ ግን የሚወጣው ጠብታ ነው። ከእምብርቷ በታች ይከብዳታል፣ ወገቧን ይይዛታል፣ ከሰዓት በኋላ ራሷን ይፈልጣታል። ሆድ ድርቀትም አለባት፤ እሱን የነገረችን ግን ስትጠየቅ ብቻ ነው።

ትኩሳት አልነበራትም። ጎኗ ሲነካም እንደ ኩላሊት መመረዝ አላስጮኻትም። የእርግዝና ምርመራው ነጻ ሆነ፤ የደም ስኳሯም ደኅና ነው። ሽንቷ ግን እንደ ሻይ የጠቆረ ነበር። የሽንት መመርመሪያው ወረቀት (ስትሪፑ) ሲነከር የኢንፌክሽን ምልክት አሳየ፤ የሽንቱ መወፈር የሚለካበት ቁጥር ደግሞ 1.030 ላይ ቆመ። ያ ስትሪፕ ከዚያ በላይ አያነብም። የሰውነቷ ውሃ አንሶ ኩላሊቶቿ ያለ የሌለውን ጨምቀው እየመለሱ ነበር ማለት ነው።

ካርዷን ወደ ኋላ ስናገላብጥ ይኸው ሕመም ሰኔ ላይ፣ ጥቅምት ላይ፣ ጥር ላይም ተጽፏል። በየጊዜው ፀረ ተሕዋስያን ታዞላታል፣ በየጊዜውም ተሽሏታል። በመካከሉ ከመድኃኒት ቤት በራሷ ገዝታ የዋጠችው ካፕሱልም ነበር፤ «ሲሻለኝ ተውኩት» አለች፣ ግማሹን ማለቷ ነው። በስድስት ወር ሁለት ጊዜ ወይም በዓመት ሦስት ጊዜ የተመለሰ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ተመላላሽ ይባላል። እንዲህ ሲሆን መድኃኒት ማዘዝ ብቻውን አይበቃም፤ ምን እየመለሰው እንደሆነ መፈለግ አለበት። ሆስፒታል ልከናት አልትራሳውንድ ተነሣች። ጠጠር የለም፣ ፊኛዋም ኩላሊቶቿም ደኅና ናቸው።

በካርዱ ላይ «ውሃ እንድትጠጣ ተመክራለች» የሚል ማስታወሻ ሁለት ቦታ ተጽፏል። ይህችን ዐረፍተ ነገር የማያውቅ የጤና ባለሙያ የለም። ትክክል ናት፤ ግን ምክሩ ቤቷ ደርሶ ምን እንደገጠመው አትነግረንም።

በመጀመሪያ የተጠረጠረው ጾሙ ነበር። ሁዳዴ ሲገባ ከእኩለ ሌሊት እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውሃም በአፏ አይዞርም። ወሩ መጋቢት ነው፣ ፀሐዩ ይከብዳል፣ በርበሬው ደግሞ ሲነካካ አቧራው ጉሮሮ ያደርቃል። የጤና ሰው ይህን ሲሰማ ጾሙ ነው ብሎ መደምደሙ አይገርምም። እሷ ግን አልተቀበለችውም። «ሲስተር፣ እኔ በፍስኩም እንዲሁ ነኝ» አለች። ካርዱም ለእሷ መሰከረላት። የሰኔው ከሐዋርያት ጾም ጋር ይገጥም ይሆናል፤ የጥቅምቱ ግን ገና የነቢያት ጾም ሳይገባ ነው፣ የጥሩም ገና ካለፈ በኋላ፣ በፍስክ ነው። ጾሙ ድርቀቱን ያብሰዋል እንጂ መነሻው እሱ አይደለም።

ስለዚህ ጥያቄውን ለወጥኩት። «እትዬ፣ ውሃ ትጠጫለሽ ወይ?» ሲባል ሰው ሁሉ «እጠጣለሁ» ነው የሚለው። በዚያ ፈንታ ጾሙ ሳይገባ የዋለችበትን አንድ የገበያ ቀን ከንጋት እስከ ማታ እንድትነግረኝ ጠየቅኋት። የበላችውን ሳይሆን በጉሮሮዋ የወረደውን ፈሳሽ ብቻ።

ከእንቅልፏ ስትነሣ ምንም። ጎረቤት ቡና ጠርታት አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ ሦስቱ ሲኒ ተገልብጦ አንድ ብርጭቆ ቢሞላ ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወደ ገበያ። ረፋዱ ላይ ቆሎ፣ ያለ ውሃ። ከሰዓት በኋላ አንድ ጣሳ ጠላ፤ እሱንም ደንበኛ ሲጋብዛት። ወደ ማታ ቤቷ ገብታ እንጀራ በሽሮ፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ፣ ከዚያ መኝታ። ከአስራ አንድ ሰዓት ለማያንስ ጊዜ ደግሞ አንዴም ሽንቷን አልሸናችም።

ቁጥሩን እዚያው አሰላነው። የጠጣችው ሁሉ ተደምሮ አንድ ሊትር አይሞላም። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ለአዋቂ ሴት በቀን 2 ሊትር፣ ለወንድ 2.5 ሊትር ውሃ ይበቃል ይላል፤ ከምግብ የሚገኘውም እዚያው ውስጥ ተቆጥሮ ነው። ከምግብ የሚገኘው አንድ አምስተኛ ያህል ነው ተብሎ ይታሰባል። የኛ ምግብ በዚህ በኩል አይታማም፤ ከእንጀራ ክብደት ከግማሽ የሚበልጠው ውሃ ነው፣ ሽሮውም ቀጭን ነው። የዋለችበት ቆሎ ግን ደረቅ ነው። በዚያ ላይ ይህ ልክ ፀሐይ ላይ ለማይውል፣ መጠነኛ ሥራ ለሚሠራ ሰው የተቀመጠ ነው። እሷ ፀሐይ ላይ ነው የምትውለው።

«ታዲያ ውሃ ይዘሽ ብትወጪስ?» አልኳት።

ዝም አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ብጠጣ የት እሄዳለሁ?» አለች።

የተመላለሰችበት ሕመም ሁሉ መልሱ ይኸው ነበር። ገበያው ውስጥ ለሴት የሚሆን መጸዳጃ የለም። ወንዱ ከግንቡ ጀርባ ዞር ይላል። ሴት ልጅ ግን በቀን ብርሃን፣ ደንበኛ በሚያልፍበት፣ የልጇ ጓደኛ በሚያይበት ቦታ መቀመጥ አትችልም። ቤቷ ድረስ እንዳትሄድ ሩቅ ነው፣ በርበሬውንም ማን ይጠብቅላታል? ስለዚህ መፍትሔውን ከዓመታት በፊት አግኝታለች፦ አለመጠጣት። ውሃ እንደሚጠቅም አታውቅ ሆና አይደለም። ቀኑን ሙሉ ላለመዋረድ ስትል ጥሟን ትውጠዋለች። እኔ ይህን ከሰማሁ በኋላ «ግንዛቤ ማስጨበጥ» የሚለውን አባባል እንደ ድሮው መናገር ከብዶኛል። የሚጎድላት ነገር እውቀት አልነበረም።

ሰውነት ውስጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። የአዋቂ ሰው ክብደት ከግማሽ የሚበልጠው ውሃ ነው። ከክብደቱ አንድ መቶኛ ወይም ሁለት መቶኛ የሚያህል ውሃ ሲጎድል ጥም ይሰማል፤ ሃምሳ ኪሎ ለምትመዝን ሴት አንድ መቶኛው ግማሽ ሊትር መሆኑ ነው። አንጎል ይህን ሲያውቅ ኩላሊት ውሃ እንዳይለቅ የሚያዝ ሆርሞን ይለቃል፤ ሽንቱ ያንሳል፣ ይወፍራል፣ ይጠቁራል። ራስ ምታቱ፣ ድካሙ፣ የሆድ ድርቀቱም ከዚሁ ጋር ይመጣል። ሽንት ሲወርድ ደግሞ ወደ ፊኛ ሽቅብ የሚወጡትን ባክቴሪያዎች እያጠበ ይዞ ይወጣል። አብዛኛውን ጊዜ ይህን ሕመም የሚያመጣው ከአንጀት የሚመጣው ኢ. ኮላይ የሚባለው ነው። ሴት ልጅ የሽንት ቧንቧዋ አጭር ስለሆነ መንገዱ ቅርብ ነው። ሽንት ትንሽ ሲሆንና ለረጅም ሰዓት ሲቋጠር ባክቴሪያው የሚያጥበው አጥቶ እዚያው ይራባል።

ይህ በጥናትም የተፈተነ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 የታተመ፣ ቡልጋሪያ ውስጥ የተሠራ ጥናት 140 ሴቶችን ተከታትሏል። ሁሉም የወር አበባቸው ያልቆመ፣ ፊኛቸው በተደጋጋሚ የሚመረዝ፣ በቀን ከ1.5 ሊትር በታች የሚጠጡ ነበሩ። ግማሾቹ ከለመዱት ላይ 1.5 ሊትር ውሃ እንዲጨምሩ ተደረገ፣ ግማሾቹ በነበሩበት ቀጠሉ። በ12 ወር ውስጥ የጨመሩት በአማካይ 1.7 ጊዜ ሲታመሙ ያልጨመሩት 3.2 ጊዜ ታመሙ። የኛዋ ሴት ለዚያ ጥናት የተመረጠች ያህል ትገጥማለች። እነዚያ ሴቶች ግን በሚውሉበት አካባቢ መጸዳጃ አላጡ ይሆናል።

ሌላም ነገር ነገረችኝ። ከጥቅምቱ ሕመም በኋላ ግሽ ዓባይ ጸበል ገብታ ነበር። «ያን ሰሞን ሰው ሆንኩ» ትላለች። ጠዋት ጠዋት በጆግ እየቀዳች እስኪበቃት ትጠጣለች፤ ቀኑን የሚይዛት ገበያ የለም፣ ስትፈልግ ዞር የምትልበት አላት። ጸበሉ የእምነቷ ጉዳይ ነውና እኔ እሱ ውስጥ አልገባም። የሰው ሰውነት በቂ ውሃ ሲያገኝና ሽንቱን በጊዜው ሲያወጣ ምን እንደሚሰማው ግን በዚያ ሰሞን በራሷ ላይ አይታዋለች። በኋላ ስለ ልኩ ስንነጋገር «እንደ ጸበሉ ጊዜ» ብላት ወዲያው ገባት።

ከቤቷ በኩል ደግሞ ሁለተኛ ምክንያት አለ። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። በሌላው ቀን አሥራ ሦስት ዓመት የሆናት ልጇ ቢጫ ጀሪካን ይዛ ቦኖ ትሰለፋለች። ሃያ ሊትሩ ለወጥ፣ ለሊጥ፣ ለእጅ መታጠቢያ፣ ለልጆቹ መጠጥ ተከፋፍሎ የሚቀረውን ነው እናት የምትጠጣው። አንድ ብርጭቆ በጨመረች ቁጥር ልጅቷ ወደ ሰልፉ የምትመለስበት ሰዓት ይቀርባል። እኔ ይህን ሳስብ የምናደደው እዚህ አገር ስለሆነ ነው። ዓባይ ከሰከላ ይነሣል፤ ከጮቄ ሙጋ፣ ጨሞጋና ተምጫ፣ በወዲያ በኩል ብርና ፈጠም ይወርዳሉ። ይህ ሁሉ ውሃ በሚፈስበት ምድር አንዲት እናት የልጇን ጉልበት እያሰበች ጥሟን ትቋቋማለች።

ሕክምናው እንዲህ ቀጠለ። ፀረ ተሕዋስያኑን እስከ መጨረሻዋ ፍሬ እንድትጨርስ አደረግን። መድኃኒቱ በጠዋት ከውሃ ጋር የሚወሰድ በመሆኑ ጾሙን ራሷ ከንስሐ አባቷ ጋር ተነጋገረችበት። ቤተ ክርስቲያን ለሕመምተኛ ታዝናለች፤ ቄሱም መድኃኒቷን እስክትጨርስ በጠዋት እንድትወስድ ፈቀዱላት። ከዚያ በኋላ ወደ ጾሟ ተመለሰች፤ ከዘጠኝ ሰዓት እስከ መኝታ ባለው ጊዜ ግን ውሃውን በአንዴ ሳይሆን ከፋፍላ እንድትጠጣ ተስማማን። ይህን እሷና የንስሐ አባቷ ባይጨርሱት ኖሮ የኛ ምክር ከጤና ጣቢያው በር አይወጣም ነበር።

ለፍስኩ ቀን ያወጣነው የሰዓት አያያዝ በሽንት ቤት የተቃኘ ነው። ከእንቅልፍ እንደተነሣች ሁለት ብርጭቆ፤ ቤቷ ሳለች እንዲወርድላት ከመውጣቷ አንድ ሰዓት ያህል አስቀድማ። ወደ ገበያ አንድ ሊትር የሚይዝ ሀይላንድ ሞልታ ትይዛለች፤ እሱን በአንድ ትንፋሽ ሳይሆን በጉንጭ በጉንጭ። ማታ ሁለት ብርጭቆ፣ የመጨረሻው ከመኝታ ራቅ ብሎ። ቡናው ይቀጥል፤ በልኩ የተጠጣ ቡና ውሃ አያደርቅም፣ እንዲያውም ከፈሳሹ ይቆጠራል። ጠላው ግን የውሃን ቦታ አይሞላም። አልኮል ቅድም የጠቀስኩትን ውሃ ቆጣቢ ሆርሞን ያፍነዋል፣ ስለዚህ ሽንት ያበዛል። ልኩ በቅቷት እንደሆነ የምታውቀው በሽንቷ ቀለም ነው፤ ወደ ፈዛዛ ቢጫ ሲሄድ ይበቃል። እንደ ውሃ ነጭ እስኪሆን መጠጣት አያስፈልግም።

ከሁሉ የከበደው የገበያው ነገር ነበር። ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጋር ወደዚያው ወረድን። አንድ የተሠራ መጸዳጃ አለ፤ በሩ ተነቅሏል፣ ጉድጓዱ ሞልቷል፣ በዙሪያው እግር ማሳረፊያ የለም። በርበሬ ነጋዴዋ አጠገብ የተቀመጡትን ሽንኩርት ሻጭ፣ ጎመን ሻጭ፣ ቅቤ ሻጭ ጠየቅናቸው። ሁሉም ውሃ አይጠጡም፤ ሁሉም ምክንያቱን ያውቃሉ፤ አንዷ ለሌላዋ ግን ነግራት አታውቅም። የቅቤ ሻጯ «እኔስ እኔ ብቻ መስሎኝ» አለች። የወር አበባ ሲመጣ ገበያ የምትቀር አለች። ሁለቱ ሽንታቸውን ያቃጥላቸዋል፣ እኛ ጋ ግን መጥተው አያውቁም።

መፍትሔውን ያመጡት እነሱ ናቸው። ከገበያው አጠገብ ሻይ ቤት ያላት ሴት አለች፤ ጓሮዋ ውስጥ በር ያለው ሽንት ቤት አላት። ተነጋገሩ። በየወሩ ጥቂት ብር እያዋጡ ሊከፍሏት፣ ጽዳቱን በተራ ሊይዙ፣ እጅ መታጠቢያውን በጀሪካን ሊሞሉ ተስማሙ። አንዷ ስትሄድ ጎረቤቷ ጉልቱን ትጠብቃለች፤ ሚዛኑን ለጎረቤት መተው በመጀመሪያ ያስቸገራቸው ነገር ነበር፣ በኋላ ለመዱት።

ስለ ውሃው ንጽሕና አንድ ነገር ካላልኩ ጎደሎ ይሆናል። ብዙ ጠጪ ብሎ ያልታከመ ውሃ መስጠት ተቅማጥ መስጠት ነው፤ ተቅማጥ ደግሞ የገባውን ውሃ ከነጨው ይዞት ይወጣል። እሷ ውሃ አጋር የሚባለውን የውሃ ማከሚያ ትጠቀማለች፤ በመያዣው ላይ በተጻፈው ልክ ጨምራ ግማሽ ሰዓት ታቆየዋለች። ማፍላትም ይቻላል፤ እንደ ደብረ ማርቆስና እንጅባራ ከ2,000 ሜትር በላይ ባሉ ከተሞች ግን ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ማቆየት ያስፈልጋል። ሀይላንዱም በየቀኑ በሳሙና ይታጠብ፤ አንገቱ ጠባብ ስለሆነ ውስጡ ሲያረንጓድድ ይጣል።

ሌላ ማስጠንቀቂያም አለ። ውሃ ጨምሩ የሚለው ምክር ለሁሉም አይደለም። ልባቸው የደከመ፣ ኩላሊታቸው ሥራውን የቀነሰ፣ እግራቸው የሚያብጥ ሰዎች ልኩን ሐኪማቸው ነው የሚነግራቸው። ጤነኛ ሰውም ቢሆን በአጭር ሰዓት ብዙ ሊትር መገልበጥ የለበትም፤ ኩላሊት በሰዓት ማስወጣት የሚችለው አንድ ሊትር ገደማ ነው፣ ከዚያ ያለፈው የደምን ጨው አቅጥኖ አንጎልን ይጎዳል። ሽንትን በማቃጠል ብቻ ሳይወሰን ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ማስታወክ፣ የጎን ውጋት ከመጣ ደግሞ ውሃ እየጠጡ መጠበቅ አይገባም፤ ያን ቀን መታከም ነው። እርጉዝ ሴት ማቃጠሉ ብቻ ቢሰማትም አትዘግይ።

በርበሬ ነጋዴዋ ከፋሲካ በኋላ ለክትትል ስትመጣ የስትሪፑ ቁጥር 1.015 ነበር፣ የኢንፌክሽን ምልክትም የለም። ራስ ምታቱ እንደቀለላት፣ ሆዷም እንደተፈታላት ነገረችን። ክረምቱ ሕመም ሳይመለስ አለፈ። መስከረም ላይ ግን እንደገና አቃጠላት። የሻይ ቤቷ ባለቤት ለቅሶ ሄዳ ቤቷን ዘግታ ሰንብታ ነበር፤ በዚያ ሳምንት ሴቶቹ በሙሉ ወደ ድሮው ተመልሰው ነበር። ታከመች፣ ተሻላት። ከአንዲት ሴት ተነሥቶ ስለ ሁሉም መናገር አይቻልም፤ ሕመሙ ከሻይ ቤቷ መዘጋት ጋር መግጠሙም አጋጣሚ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን አጋጣሚ አይመስለኝም።

እኛ ጤና ጣቢያ ውስጥ አንድ ነገር ተለውጧል። ሽንቷን የሚያቃጥላት ሴት ስትመጣ «ቀን የት ትውያለሽ? እዚያስ ሽንት ቤት አለ?» ብለን እንጠይቃለን፣ መልሱም ካርዱ ላይ ይጻፋል። ከጠየቅን ወዲህ ይኸው መልስ ከአስተማሪም፣ ከቀን ሠራተኛም፣ ከትኬት ቆራጭም ሰምተናል።

የገበያው ሴቶች ለማዘጋጃ ቤቱ ማመልከቻ አስገብተዋል። የጠየቁት ለሴት ብቻ የሚሆን ሁለት ክፍል፣ ከውስጥ የሚቀረቀር በር፣ የውሃ በርሜል ከነቧንቧው፣ ቁልፉም በእነሱ እጅ እንዲሆን ነው። ጽዳቱን ራሳቸው እንደሚይዙም ጽፈዋል። መልሱ እስኪመጣ የሻይ ቤቷን ወርሃዊ መዋጮ እየከፈሉ ነው፤ ቤቷን ዘግታ የምትሄድ ከሆነም የጓሮውን ቁልፍ ለቅቤ ሻጯ ትታ እንድትሄድ ተስማምተዋል።